ቦሪስ ዴሎኔ፦ የባዶው ክብ ባለቤት

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአቃቂ ሜዳ ሥር የሚገኘው የከርሰ ምድር ውኃ ለከተማይቱ ከሚደርሱት የውኃ ምንጮች አንዱ ነው። ውኃው የሚገኘው በተሰነጣጠቀ ባዛልትና ቀዳዳ በበዛበት ስኮሪያ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ መሐንዲሱ በእርግጥ የሚያውቀው መሰርሰሪያው ያለፈበትን ቦታ ብቻ ነው። በአንዱ ጉድጓድና በሌላው መካከል ያለው የዐለት ቅርፅ ከነጥቦች ተነሥቶ የሚገመት ነው። በጉጂ የለገደምቢን የወርቅ ክምችት ለመለካት የሚነሣው ጥያቄም ከዚህ አይለይም። ዛሬ ይህ ሥራ በኮምፒዩተር ሲሠራ በመስኮቱ ላይ አንድ የሰው ስም ብቅ ይላል፤ ዴሎኔ የሚል። በስሙ በየዕለቱ የሚገለገሉት ብዙዎች ሲሆኑ፣ ባለ ስሙን የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ቦሪስ ኒኮላየቪች ዴሎኔ በመጋቢት 1890 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለዱ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። የፈረንሳይ ቃና ያለው የቤተሰቡ ስም ከናፖሊዮን ጦር ጋር ወደ ሩሲያ ዘምቶ፣ ተማርኮ እዚያው ከቀረ ሰው የተወረሰ ነው። አባታቸው የሜካኒክስ መምህር ነበሩ። በዋርሶ ሳሉ ከታላቁ የሒሳብ ሊቅ ከጊዮርጊ ቮሮኖይ ጋር ባልደረቦች ስለ ነበሩ፣ ልጁ የሊቁን ስም ገና በለጋነቱ ሲሰማ አደገ። ቤተሰቡ ወደ ኪየቭ ከተዛወረ በኋላ አባትና ልጅ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ሠርተው ከሚያበሩ ወጣቶች ጋር ተሰለፉ፤ በኋላ በሄሊኮፕተር ሥራው ዓለም ያወቀው ኢጎር ሲኮርስኪም ከነዚሁ አንዱ ነበር። ወጣቱ ዴሎኔ ግን ልባቸው ወደ ሒሳብ ስላደላ በኪየቭ ዩኒቨርሲቲ በዲሚትሪ ግራቬ ሥር ተምረው በ1913 ተመረቁ።

ቮሮኖይ በ1908 በአርባ ዓመታቸው ሲሞቱ ትልቅ ሥራ ጀምረው ነበር። አንድ ሜዳ ነጥቦች ተበትነውበት ሲገኝ፣ እያንዳንዱ ስፍራ በቅርቡ ላለው ነጥብ ቢሰጥ ሜዳው ወደ ክልሎች ይከፈላል። ዝናብ ለኪው ለእያንዳንዱ ጣቢያ፣ የማዕድን ባለሙያውም ለእያንዳንዱ የቁፋሮ ጉድጓድ የሚሰጠው የተጽዕኖ ክልል ይኸው ነው። ዴሎኔ የቮሮኖይን ሥራ ተቀብለው ከሌላ ወገን ተመለከቱት። በ1922 ወደ ፔትሮግራድ ሄደው በዩኒቨርሲቲው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1929 የሳይንስ አካዳሚ ተጓዳኝ አባል ሆኑ። በ1934 በፈረንሳይኛ ያሳተሙትንና ስለ ባዶው ሉል የሚናገረውን አጭር ጽሑፍ ለቮሮኖይ መታሰቢያ አደረጉት።

ሐሳቡ ለመናገር ቀላል ነው። በሜዳ ላይ ካሉት ነጥቦች ሦስቱ የሚገናኙት፣ በሦስቱ የሚያልፈው ክብ በውስጡ ሌላ ነጥብ የሌለበት እንደ ሆነ ነው። በዚህ ደንብ የተሠራ የሦስት ማዕዘኖች መረብ በተቻለ መጠን ቀጫጭንና ሹል ማዕዘኖችን ያስወግዳል። በውጤቱም እርስ በርስ የሚራራቁ ጉድጓዶች በአጠገባቸው ያለውን ዘልለው አይገናኙም። ነጥቦቹ ከፍታና ጥልቀት ሲኖራቸው በክቡ ፈንታ ሉል፣ በሦስት ማዕዘኑም ፈንታ አራት ፊት ያለው ጠጣር ይተካል። ይሁንና የማዕዘኖቹ ውበት በጠጣሩ ላይ እንደ ሜዳው ሁሉ ዋስትና የለውም፤ ደንቡን የጠበቀ ሆኖ ሳለ እንደ ስንጥር የሳሳ ጠጣር ሊገኝ ይችላል።

ዴሎኔ ከመጻሕፍት ክፍል የማይወጡ ሊቅ አልነበሩም። የካውካሰስን ከፍተኛ ጫፎች ከወጡት የመጀመሪያዎቹ የሶቪየት ተራራ ወጪዎች መካከል ይቆጠራሉ፤ በአልታይ ተራሮችም አንድ ጫፍ በስማቸው ይጠራል። በክሪስታሎች ውስጥ አቶሞች የሚደረደሩበትን ሥርዓት መርምረዋል። በ1934 በሌኒንግራድ ለተማሪዎች የመጀመሪያው የሒሳብ ውድድር እንዲካሄድ ከደከሙት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ወደ ሞስኮ ከተዛወሩ በኋላም ማስተማሩን ገፉበት፤ ከደቀ መዛሙርታቸው እንደ አሌክሳንድሮቭና ሻፋሬቪች ያሉ ስመ ጥር ሊቃውንት ወጥተዋል። ኀዘን ግን ከቤታቸው አልራቀም፦ የልጅ ልጃቸው ገጣሚው ቫዲም፣ የሶቪየት ጦር በ1968 ቼኮዝሎቫኪያ መግባቱን በሞስኮ ቀይ አደባባይ ከተቃወሙት ጥቂቶች አንዱ ሆኖ ታሰረ።

ሊቁ በሐምሌ 1980 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። በዓመቱ በ1981 ቦውየርና ዋትሰን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ የባዶውን ሉል ደንብ በኮምፒዩተር የሚያስፈጽም ስልት በአንድ መጽሔት አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ መሬትን በስሌት የሚሥሉ ፕሮግራሞች የዚህ ደንብ ባለዕዳ ሆነዋል። የማዕድን መሐንዲሱ በየመቁረጫው የማዕድኑን ድንበር ይሥላል፤ ድንበሮቹን በሦስት ማዕዘኖች አያይዞ የተዘጋ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ቀዳዳ እንደሌለውና ራሱን እንደማያቋርጥ መርምሮ ይዘቱን ያሰላል። ለምሳሌ ያህል ይዘቱ 100,000 ሜትር ኩብ፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ 2.7 ቶን፣ ወርቁም በቶን 3 ግራም ቢሆን፣ በክምችቱ ውስጥ 810 ኪሎ ግራም ወርቅ አለ ማለት ነው። ቅርፊቱ ከእውነተኛው በአንድ አሥረኛ ቢተልቅ 81 ኪሎ ግራም ወርቅ በወረቀት ላይ ብቻ ይኖራል፤ መንገድ፣ ወፍጮና ብድርም በዚያው ልክ ይታቀዳል።

የዴሎኔ ደንብ ነጥቦችን ያገናኛል እንጂ ዐለትን አያውቅም። በሁለት ጉድጓዶች መካከል ስንጥቅ አልፎ ማዕድኑን ቢያንሸራትተው፣ ወይም በአቃቂ ስኮሪያው በአንዱ ጉድጓድ ተገኝቶ በሚቀጥለው ቢጠፋ፣ መረቡ ያለ አንዳች ማመንታት ሁለቱን ያያይዛል። ሥዕሉም በመስኮቱ ላይ ያማረና የተሟላ ሆኖ ይታያል። ሕይወታቸውን በተራራ ላይ የፈተኑት ሊቅ ያወረሱት ትክክለኛ የማገናኛ ደንብ ነው፤ የተገናኙት ነጥቦች በእርግጥ የአንድ ዐለት መሆናቸውን መመርመርና ለዚያም ኃላፊ መሆን የመሐንዲሱ ድርሻ ሆኖ ቀርቷል።