የመምህር ኦነሲሞስ ነሲብ የሕይወት ታሪክ

ቤተ ክርስቲያን ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ አስቀድሞ ወደ ሕንፃው፥ ወደ ጕልላቱና ወደ ቅጥሩ ይሄዳል። ይሁን እንጂ ሕንፃውን የሚያሠራው የምእመናን ማኅበር ነው፤ ማኅበሩም እንደ ተክል ሥር ይሰዳል፥ ያድጋል፥ ውሃ ያጣ እንደ ሆነም ይደርቃል። ውሃው ትምህርት መሆኑን በአገራችን ለማስረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ልጆች ፊደል ሲቈጥሩ የኖሩት በቤተ ክርስቲያን አጸድ ነውና። ከዚህ በታች ታሪካቸው የሚነገረው መምህር ግን ፊደል የቈጠሩት ከባርነት ከወጡ በኋላ፥ ከወገናቸው ርቀው፥ በባዕዳን ትምህርት ቤት ነው። ሆኖም በምዕራብ ኢትዮጵያ ለበቀለው የወንጌላውያን ማኅበር መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ ለመሆን በቁ። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፥ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ መፍታትንና መተርጐምን የሚያመለክት ነው። ገና ሕፃን ሳሉ አባታቸው ሞቱባቸው፤ ከዚያም የባሪያ ነጋዴዎች ከወገናቸው ነጥቀው ወሰዷቸው። ነሲብ የሚለውንም ስም ያገኙት በዚያ የባርነት ዘመን ነው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ እየተሸጡ በመጨረሻ ምጽዋ ደረሱ። ምጽዋ በዚያ ጊዜ ሰው እንደ ሸቀጥ ተጭኖ ባሕር ከሚሻገርባቸው ወደቦች አንዱ ነበረ። በ1870 የፈረንሳይ ቆንሲል የነበረው የስዊስ ተወላጅ ቬርነር ሙንዚንገር ነጻ አወጣቸውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መምህራን አስረከባቸው።

በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው ትምህርት ቤት ንባብና ጽሕፈት ተማሩ። መጋቢት 31 ቀን 1872 በአውሮፓውያን የትንሣኤ በዓል ተጠምቀው ኦነሲሞስ ተባሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ፊልሞና በጻፈው መልእክት የሚማልድለት ባሪያ በዚህ ስም ይጠራ ነበረ፤ ስሙም በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። ከ1876 እስከ 1881 ድረስ ወደ ስዊድን ተልከው በዮሐኔሉንድ የሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። ትምህርታቸውን በፈጸሙ ጊዜ በምቾት ለመኖር የሚያስችል ሥራ በአውሮፓ ወይም በባሕሩ ጠረፍ ለመያዝ በቻሉ ነበር። እርሳቸው ግን የተነጠቁበትን አገር መልሰው ለማየትና ለሕዝባቸው ለማስተማር ቈረጡ።

መንገዱ ግን አልቀናላቸውም። ወዲያው በ1881 በሱዳን በኩል ተነሥተው በዐባይ ዳር እስከምትገኘው እስከ ፋማካ ዘለቁ፤ ነገር ግን ተጓዦቹን ንዳድ ስላጠቃቸው ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ። ለሁለተኛ ጊዜ በታጁራ በኩል ዞረው በ1886 እንጦጦ ደረሱ፤ በዚያም ወደ ፊት ለመሄድ ፈቃድ ተከለከሉ። ከመጀመሪያው ሙከራ አንሥቶ ወደ ወገናቸው ምድር እስከ ገቡበት ቀን ድረስ 23 ዓመታት አለፉ።

በእነዚህ ዓመታት የሠሩት ሥራ ከጉዞው ይልቅ ፍሬ አፈራ። እምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጐም ጀመሩ። ነገር ግን በልጅነታቸው ከአገራቸው የተለዩ ስለ ሆነ የቋንቋው ምሥጢር ሁሉ በአንደበታቸው አልነበረም። በዚህ ጊዜ የረዳቻቸው አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች። እርሷም በባርነት ተወስዳ በ1886 ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የዳነች ነበረች። አስቴር የቋንቋውን ቃላት ሰበሰበች፤ 500 ያህል ተረቶችን፥ ምሳሌዎችንና ዘፈኖችንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አገባች። መምህሩ ድካማቸውን ሳይደብቁ ከእርሷ እየጠየቁ መሥራታቸው፥ አዋቂ የሆነ ሰው ከታናሹ መማርን ነውር አድርጎ መቍጠር እንደማይገባው ያስተምራል። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኩሉ ታተመ፤ ሁለቱ በኅብረት ያዘጋጁት የንባብ መማሪያ በ1894 ወጣ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በባዝል አጠገብ በቅድስት ክሪሾና ታተመ። መጽሐፍ ቅዱሱ የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው።

በ1904 ኦነሲሞስ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ነቀምቴ ገቡ፤ የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም በክብር ተቀበሏቸው። ትምህርት ቤት ከፍተው በኦሮምኛ ማስተማር ጀመሩ፤ አስቴርም በዚያ በመምህርነት አገለገለች። ሕዝቡ በቋንቋው የሚሰማውን ትምህርት ወደደ። የአካባቢው ካህናት ግን ኦሮምኛውን የማይሰሙት ስለ ሆነ ትምህርቱን ተጠራጠሩት፤ የአባቶቻቸው ሃይማኖት እንዳይነቀፍ ሠግተውም ከሰሷቸው። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀርበው ተፈረደባቸው። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱላቸው፤ መስበክን ግን ከለከሏቸው።

አንድ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን ፈተና ያገኘዋል? ዕድሜውን ሙሉ የደከመለት ሕዝብ በፊቱ ተቀምጦ ሳለ አፉ ይያዛል። ኦነሲሞስ ግን አገር ጥለው አልሄዱም፥ በመሪር ቃልም ክርክር አላነሡም፤ ዳግመኛ የመሰደድ ሥጋት ሳይለያቸው በነቀምቴ በትዕግሥት ተቀመጡ። መምህሩ ዝም ቢሉም ማንበብ የተማረው ሰው መጽሐፉን በቤቱ ሊገልጥ፥ ለማያነበውም ጎረቤቱ ሊያሰማ ይችል ነበረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ የማስተማር ፈቃድ ሰጧቸው፤ ከኢያሱ መሻር በኋላም ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ፈቃዱን አጸኑላቸው። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ አባ ገመቺስ እያለ የሚጠራቸው እኚህ ሽማግሌ ሰኔ 21 ቀን 1931 እስካረፉ ድረስ ማስተማራቸውን አላቋረጡም።

የሥራቸው ጽናት የታወቀው ከሞቱ በኋላ ነው። በኢጣልያ ወረራ ዘመን የውጭ አገር ሚሲዮናውያን ከአገር እንዲወጡ በተደረገ ጊዜ ማኅበሩ አልተበተነም፤ የአገሩ ተወላጆች እያነበቡ፥ እየጸለዩና እያስተማሩ ጠበቁት። በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ከወለጋ የመጡት ማኅበራት ከአባሎቿ መካከል ነበሩ።

ወላጆች ሂካ ብለው የሰየሙት ልጅ በእርግጥ ተርጓሚ ሆነ፤ በጥምቀት ያገኘውንም ስም በጠቃሚነቱ አጸደቀው። እኛም በየትምህርት ቤታችን ጠመኔ የያዝን ሁሉ ከዚህ ሰው ታሪክ የምናገኘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ሕፃኑ በሚሰማው ቃል የተማረውን ትምህርት የራሱ ያደርገዋል፤ የራሱ ያደረገውንም መምህሩ በሌለበት ቀን ለሌላው ያስተምራል።