ማሳን በአራት ልኬት ያየው ሮናልድ ፊሸር

በይፋት ቆላ በመስኖ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር ብዙ ነገር መወሰን አለበት። የትኛው ዘር ይሻላል? ማዳበሪያው ምን ያህል ይሁን? ውኃ በስንት ቀን ይጠጣ? ችግኙስ በምን ያህል ርቀት ይተከል? አራቱ ጥያቄዎች ሁለት ሁለት አማራጭ ብቻ ቢኖራቸው እንኳ 16 የተለያዩ መደቦች ይወጣሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ወቅት ፈትኖ መልስ የማግኘትን ጥበብ ለግብርናው ዓለም ካበረከቱት ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሮናልድ ፊሸር ነው። በግብርና ኮሌጅ ያለፈ ሁሉ ስሙን ከስታቲስቲክስ ትምህርት ያውቀዋል።

ፊሸር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890 ለንደን ውስጥ ተወለደ። እናቱን በ14 ዓመቱ በሞት አጣ፤ የአባቱም ንግድ ከሰረ። ትምህርቱን የቀጠለው በነጻ የትምህርት ዕድል ነበር። ዓይኑ እጅግ ደካማ ስለነበር በመብራት እንዳያነብ ተከለከለ፤ ስለዚህም የምሽቱን የሒሳብ ትምህርት ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በጆሮው ብቻ ተከታተለ። ሌሎች በረጅም ቀመር የሚፈቱትን እርሱ በአእምሮው ቅርጽ ስሎ መፍታትን የለመደው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1912 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። በዚያው ዓመት ለዊልያም ጎሴት፣ በደብሊን የቢራ ፋብሪካ ይሠራ ለነበረው የስታቲስቲክስ ሊቅ፣ የአንድ ቀመር ማረጋገጫ ላከለት። ጎሴት ሊረዳው አልቻለም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሦስት መደቦች ምርት በርዝመት፣ በወርድና በቁመት ቢለካ በአንድ ክፍል ውስጥ እንዳለች ነጥብ ሊታይ ይችላል፤ የአሥር መደቦች ምርት ደግሞ አሥር ልኬት ባለው ሕዋ ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ይሆናል። ይህ ሕዋ አይሳልም፤ የርቀትና የማዕዘን ሕግ ግን በዚያም ይሠራል። ፊሸር በ1915 ይህንኑ መንገድ ተከትሎ ሌላ ከባድ ጥያቄ ፈትቶ አሳተመ።

በ1919 ወደ ሮታምስቴድ የግብርና ምርምር ጣቢያ ገባ። ጣቢያው ከ1843 ጀምሮ የተጠራቀመ የሰብል መዝገብ ነበረው። በዚያ ዘመን ተመራማሪዎች በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየርን እንደ ሕግ ይቆጥሩት ነበር። ፊሸር ይህን በ1926 ተቃወመ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይፈተን አለ።

ቅርጹን ለማየት ከመስመር እንነሣ። መስመር 2 ጫፍ አለው፤ አራት ማዕዘን 4፣ ኪዩብ 8 ማዕዘን አላቸው። አራተኛ ልኬት ሲጨመር 16 ማዕዘንና 32 ጠርዝ ያለው ቅርጽ ይገኛል። ከላይ ያነሣናቸው 16ቱ የሽንኩርት መደቦች የዚህ ቅርጽ ማዕዘናት ናቸው። በአንድ ጠርዝ ላይ መሄድ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ማዳበሪያ ብቻ የሚለያያቸው ጠርዞች 8 ናቸው፤ ዘሩም፣ ውኃውም፣ ርቀቱም እንዲሁ። አንድ በአንድ እየቀየሩ ይህን ያህል ንጽጽር ለማግኘት 40 መደብ ያስፈልግ ነበር። መሬት ለጠበበበት አካባቢ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም።

በእኔ እምነት ግን ትልቁ ጥቅም ሌላ ነው። ውኃ ባጠረበት መሬት ላይ የፈሰሰ ማዳበሪያ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ ምርት አይጨምርም፤ ውኃ ሲገኝ ደግሞ ያው ማዳበሪያ ሌላ ነገር ይሆናል። ማዳበሪያን ለብቻው፣ ውኃን ለብቻው የሚፈትን ሰው ይህን አያገኘውም።

ፊሸር ሰብልን ባየበት ጥራት ሰውን አላየም። የሰውን ዘር እየመረጡ ማሻሻል ይቻላል የሚለውን የዩጀኒክስ አስተሳሰብ ዕድሜ ልኩን ደገፈ፤ ትምባሆ የሳንባ ካንሰር ያስከትላል የሚለውንም ማስረጃ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። በ1962 አውስትራሊያ ውስጥ አረፈ። የተማረበት የካምብሪጅ ኮሌጅ የሙከራ መደቦች አደራደር በቀለም የተሣለበት የመታሰቢያ መስኮት አቁሞለት ነበር፤ በ2020 ግን አነሣው።