ሃና ሴኔሽ፡ ምስጢሯን ሳትሰጥ ያለፈች ወጣት ወታደር

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግዳጇን ለመወጣት የናዚ ጀርመን ጦር ወደ ተቆጣጠራት የትውልድ አገሯ ሀንጋሪ የተመለሰችውና በ23 ዓመቷ የተረሸነችው ሃና ሴኔሽ፣ በእስራኤል ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሣ ጀግኖች አንዷ ናት።

ሃና እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 1921 በቡዳፔስት ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። አባቷ ቤላ ሴኔሽ የታወቀ ጋዜጠኛና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። እርሷ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች በሞት በመለየቱ፣ ሃናንና ወንድሟን የማሳደጉ ኃላፊነት በእናታቸው በካታሊን ላይ ወደቀ።

ትምህርቷን የተከታተለችው በአንድ የፕሮቴስታንት የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ነው። በውጤቷ ከቀዳሚዎቹ ተርታ ብትሰለፍም፣ በትምህርት ቤቱ የሥነ ጽሑፍ ማኅበር የተመረጠችበትን ኃላፊነት አይሁዳዊት በመሆኗ ብቻ ተነፈገች። በሀንጋሪ በአይሁድ ላይ የወጡት አድሎአዊ ሕጎች እየጠነከሩ በሄዱበት በዚያ ዘመን፣ ወደ ጽዮናዊነት ንቅናቄ በማዘንበል ዕብራይስጥ ማጥናት ጀመረች።

በ1939 ትምህርቷን እንዳጠናቀቀች በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ወደ ነበረችው ፍልስጥኤም ተሰደደች። በናሃላል የግብርና ትምህርት ቤት ለሁለት ዓመታት ከተማረች በኋላ፣ በቂሣርያ አቅራቢያ በሚገኘው ስዶት ያም የተባለ የኅብረት መንደር ገብታ በወጥ ቤትና በልብስ ማጠቢያ ሠርታለች። ግጥሞችንም ትጽፍ ነበር።

በ1943 በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ተመዝግባ በግብፅ የፓራሹት ዝላይ ሠለጠነች። የተሰጣት ግዳጅ በጠላት ወረዳ የወደቁ የኅብረቱ ጦር አብራሪዎችን መርዳትና ለሀንጋሪ አይሁድ መዳኛ መንገድ መፈለግ ነበር። በማርች 1944 ከጓዶቿ ጋር በዩጎዝላቪያ ምድር አርፋ ከፓርቲዛኖች ጋር ተቀላቀለች።

ይሁን እንጂ በዚያው ወር በ19ኛው ቀን የጀርመን ጦር ሀንጋሪን ወረረ። ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጀመሪያ ባሉት ሳምንታት ውስጥም ከ430 ሺህ በላይ አይሁድ ተግዘው አብዛኞቹ ወደ አውሽዊትዝ ተወሰዱ። የወረራው ዜና እንደተሰማ ጓዶቿ ጉዞው እጅግ አደገኛ መሆኑን ቢያስረዱም፣ ሃና ግን በጁን ወር ድንበሩን ተሻገረች። ብዙም ሳትቆይ ተያዘች፤ የሬዲዮ መገናኛ መሣሪያውም ተገኘ።

መርማሪዎቹ አጥብቀው የፈለጉት የሬዲዮውን የምስጢር ኮድ ነበር። ድብደባውና ሥቃዩ ባይሳካላቸው እናቷን አምጥተው ፊት ለፊት አገናኟቸው። ካታሊን ልጇ በፍልስጥኤም በሰላም እንዳለች ታምን ነበር። ሃና ኮዱን ካልሰጠች እናቷ ዓይኗ እያየ እንደምትገደል ቢዛትባትም አልተናገረችም። ካታሊንም በዚያው እስር ቤት ታስራ ከቆየች በኋላ በሕይወት ወጥታለች። ሃና በእስር ሳለች ትልልቅ ፊደላትን ከወረቀት እየቆረጠች በመስኮት በማሳየት ከሌሎች እስረኞች ጋር ትነጋገር ነበር።

በኦክቶበር 28 ቀን 1944 በአገር ክህደት ተከሳ ችሎት ቀረበች። ምሕረት እንድትጠይቅ ቢነገራት አሻፈረኝ በማለቷ፣ በኖቬምበር 7 ቀን በጥይት ተደብድባ ተገደለች።

አጽሟ በ1950 ወደ እስራኤል ተወስዶ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ በክብር አርፏል። በባሕር ዳርቻ የጻፈችው አጭር ጸሎት መሰል ግጥም በዜማ ተቀናብሮ በመላው እስራኤል የሚታወቅ መዝሙር ሆኗል። የሀንጋሪ ወታደራዊ ፍርድ ቤት በ1993 ከቀረበባት የክህደት ክስ ነፃ ያወጣት ሲሆን፣ ውሳኔው የተሰጠው ከተረሸነች ከ49 ዓመታት በኋላ ነው።