ስሟ ተደብቆ ታሪኳ የወጣባት ሴት

ባለፈው ክረምት፣ እዚሁ ፉሪ፣ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ቤት እየሄድኩ ሥዕል እሥል ነበር። ሠዓሊ ሆኜ አይደለም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፣ የማውቀውም ግራፍ ብቻ። ጭንቀት ሲበዛብኝ በአፌ መናገር ያቃተኝን በቀለም ላውጣው ብዬ ነው።

አንድ ቀን አማካሪዋ ሥዕሌን ለሥልጠና ልታሳየው ፈቃዴን ጠየቀችኝ፤ ስሜ እንደማይጻፍም ነገረችኝ። እሺ ልላት ስል ሥዕሉን አየሁት። አረንጓዴው የግቢያችን በር፣ የተጣመመው የመብራት ፖል፣ በረንዳው ላይ የተቀመጠችው እናቴ። የሰፈሬ ሰው ይቺን ካየ ስሜ ምን ያደርግለታል? ላስብበት ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ትዝ ያለችኝ ቤርታ ፓፐንሃይም ናት።

ቤርታ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) በ1859 ቪየና ውስጥ ከሀብታም የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። በ1880 አባቷ ታመሙ፤ እሳቸውን እያስታመመች እሷም ታመመች። እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት፤ ጀርመንኛ ጠፍቶባት በእንግሊዝኛ ብቻ ታወራ ጀመር። ሐኪሟ ዮዜፍ ብሮየር ግን አንድ ነገር አስተዋለ፦ ተረት እየፈጠረች ስትነግረው ይቀልላታል። የሆድን አውጥቶ የመዳን ሕክምና ሥሩ ቢቆፈር አንዱ እዚህ ጋ ይገኛል።

በ1895 ብሮየርና ሲግመንድ ፍሮይድ ታሪኳን በመጽሐፍ አወጡት። ስሟን ደብቀው አና ኦ. አሏት። ዘዴው ቀላል ነው፤ በላቲን ፊደል የስሟ መነሻዎች ቢ እና ፒ ናቸው፣ አንድ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ሲመለሱ ኤ እና ኦ ይሆናሉ። መጽሐፉ ዳነች ይላል። እሷ ግን ሕክምናው በ1882 ካበቃ በኋላም ለዓመታት ሳናቶሪየም ትመላለስ ነበር።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው በ1888 ከእናቷ ጋር ፍራንክፈርት ከገባች ወዲህ ነው። የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ለ12 ዓመት መራች። በ1904 የጀርመን አይሁድ ሴቶች ማኅበርን መሠረተች። በ1907 ኖይ ኢዘንቡርግ ውስጥ ሳያገቡ ለወለዱና መጠጊያ ላጡ ሴቶች ቤት ከፈተች። ሴት ልጆችን ለዝሙት የሚነግዱትን ታገለች። ተረትና ተውኔትም ጻፈች፤ መጀመሪያ ላይ ፓውል ቤርቶልድ በሚል የወንድ ስም። ልብ በሉልኝ፣ ይሄኛውን መሸፈኛ የመረጠችው ራሷ ናት።

ስለ ሕመሟ በአደባባይ ትንፍሽ ሳትል በ1936 አረፈች። በ1953 የፍሮይድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኧርነስት ጆንስ አና ኦ. ማን እንደነበረች አወጣው። ዘመዶቿ ተቆጡ። በዓመቱ ምዕራብ ጀርመን መልኳን በቴምብር አተመች፤ ያከበረችው ግን ታማሚዋን ሳይሆን በጎ አድራጊዋን ነው።

ምስጢር መጠበቅ ለኛም አዲስ አይደለም። የነፍስ አባት የሰሙትን ይዘው ይሞታሉ። ግን ስም መደበቅ ሌላ፣ ሰውን መጠበቅ ሌላ ነው። አና ኦ. የሚለው ስም አንዲትን ሴት 21 እና 22 ዓመቷ ላይ አስሮ አስቀራት። ዛሬም ብዙ ሰው የሚያውቀው ሕመሟን ነው፤ ያሳደገቻቸውን ልጆች አይደለም።

በሳምንቱ ለአማካሪዋ አይሆንም አልኳት። ሳትቀየም ሥዕሉን ጠቅልላ ሰጠችኝ። አሁን ቁም ሳጥኔ አናት ላይ ነው፤ መታየት ካለበት እኔው አሳየዋለሁ። በሩን አረንጓዴ ነው ያልኳችሁም ቀለሙን ቀይሬ ነው።