ዐፄ ልብነ ድንግልና የክተት አዋጃቸው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ዐፄ ልብነ ድንግል የዐፄ ናዖድ ልጅ ሲሆኑ ስመ መንግሥታቸው ወናግ ሰገድ ይባላል። በ1500 ዓ.ም. ገና በ12 ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው ስለ ነገሡ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመንግሥቱን ሥራ አስተዋይዋ ንግሥት እሌኒ ትመራላቸው ነበር።

በዚያ ዘመን ንጉሥ ሲዘምት ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጅ ይነገራል። በየጠረፉ የሰፈረው ጨዋ የተባለው ጦር ተሰጥቶት ከሚበላው ምድር ይነሣል፤ ጉልት የተቀበለ ሹምም በግዛቱ ያሉትን ለጦር የደረሱ ወንዶች አስከትሎ ይመጣል። ዘማቹ ደመወዝ አይቈረጥለትም፤ ስንቁንና መሣሪያውን ከቤቱ ይዞ ይወጣል። ታቦትም ከሠራዊቱ ጋር ይጓዛል፤ ካህናቱ በድንኳን ውስጥ ይቀድሳሉ።

ንጉሡ በወጣትነታቸው የገጠማቸው ፈተና የዘይላው መሐፉዝ ነበር። እርሱም ለብዙ ዓመታት ምእመናን በዐቢይ ጾም ሲደክሙ እየጠበቀ ፈጠጋርን ይወርር ነበር። በ1509 ዓ.ም. ገደማ ልብነ ድንግል ራሳቸው ጦሩን መርተው ገጠሙት። ገብረ እንድርያስ የተባለ መነኩሴ መሐፉዝን በአንድ ለአንድ ፍልሚያ ገደለው፤ ድሉም የንጉሡ ሆነ።

ከ12 ዓመት በኋላ ኢማም አሕመድ ሲነሣ አዋጁ በመላ አገሪቱ ተነገረ። ከትግራይ፣ ከአምሐራ፣ ከበጌምድር፣ ከጎጃምና ከሌሎችም አውራጃዎች ሕዝብ ከተተ። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ የንጉሡን ጦር 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ ያደርሰዋል። ቍጥሩ የተጋነነ ቢሆን እንኳ ጦሩ እጅግ ብዙ እንደ ነበር አያጠራጥርም። ውጊያው በ1521 ዓ.ም. መጋቢት፣ በዐቢይ ጾም ወራት፣ በሽምብራ ኩሬ ሆነ። ይህም ቦታ እኛ ከምንኖርባት ከፉሪ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፣ በዱከምና በሞጆ መካከል እንደሆነ ይነገራል። ሆኖም ሠራዊቱ እያንዳንዱ በየሹሙ ሥር የቆመ እንጂ እንደ አንድ ሰው የሚንቀሳቀስ አልነበረም፤ ድሉም የኢማሙ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በ1523 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስ፣ በ1524 ዓ.ም. ደግሞ መካነ ሥላሴ ተቃጠሉ። ንጉሡ ከአምባ ወደ አምባ ተሰደዱ፤ ኢማሙ ልጃቸውን እንዲድሩለት ቢጠይቃቸውም እምቢ አሉ። በሺዎች ይከተላቸው የነበረው ሰው ሲበተን የመጨረሻ ጥሪያቸውን ባሕር አሻግረው ወደ ፖርቱጋል ላኩ። የተጠራው ጦር ምጽዋ ሳይደርስ በ1533 ዓ.ም. መስከረም ወር በደብረ ዳሞ ዐረፉ፤ በዚያው ገዳምም ተቀበሩ።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ብዙ ነው። አዋጅ ሰውን ከቤቱ ያወጣል፤ ልብን አንድ ማድረግ ግን አይችልም። ዛሬም በዓውደ ምሕረታችን የምንቈጥረው የሕዝብ ብዛት ያለ ፍቅርና ያለ አንድነት መታመኛ አይሆነንም። ንጉሡ መንግሥታቸውን ተነጥቀው ሳለ እንኳ ሃይማኖታቸውን አልለወጡም፤ እኛም ልንይዘው የሚገባን ይህን ጽናት ነው።

አምላከ ቅዱሳን አንድ ልብ ይስጠን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር