ዴኒስ ፖተር፦ የከሰል ቆፋሪው ልጅ

ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ስናወራ ሁላችንም የምናነሳው ተዋናዩን ነው። የደራሲውን ስም የሚያስታውስ ጥቂት ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ተመልካቹ ገና ድራማው ሳይጀምር «የእሱ ነው» እያለ የሚጠብቀው አንድ ጸሐፌ ተውኔት ነበር፤ ዴኒስ ፖተር ይባላል። በዛሬው ጽሑፋችን የእሱን ሕይወት እናወጋችኋለን። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ዴኒስ በ1935 በምዕራብ እንግሊዝ፣ ለዌልስ ድንበር በሚቀርበው የዲን ደን አካባቢ፣ ቤሪ ሂል በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ከመሬት በታች እየወረዱ የድንጋይ ከሰል የሚቆፍሩ ሠራተኛ ነበሩ። እሑድ እሑድ ቤተሰቡ ጸሎት ቤት ሄዶ መዝሙር ይዘምራል። የመንደሩ ሰው የራሱ የሆነ አነጋገር አለው፤ ሌላው እንግሊዛዊ ከተዋቸው ብዙ ዘመን ያለፋቸውን የጥንት ቃላት እነሱ በየዕለቱ ይናገሩባቸው ነበር። ለንደን ላይ እንዲህ አድርጎ የተናገረ ሰው ባላገር ተብሎ ይሳቅበታል።

ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ሆነ። ፈተና እያለፈ መጀመሪያ በአካባቢው፣ በኋላም ለንደን ውስጥ ጥሩ ትምህርት ቤት ገባ። ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሩሲያኛ ተማረ። ከዚያም ታዋቂው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተቀበለው። ለአንድ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ይህ በዚያን ዘመን ትልቅ ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሰውየው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

በ1958፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ቢ.ቢ.ሲ. ስለ ሀብታምና ድሃ መደብ ባዘጋጀው ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ተናገረ። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ ሲመለስ ከአባቱ ጋር እንደ ድሮው መጨዋወት እንዳቃተው፣ በመካከላቸው የማይታይ ግድግዳ እንደቆመ ገለጸ። የተናገረው እውነቱን ነበር። አንድ ጋዜጣ ግን ነገሩን አጋንኖ ልጁ በቤቱ እንደሚያፍር አድርጎ በትልቁ አወጣው። አባትየው ጉድጓድ ወርደው ያስተማሩት ልጅ በአደባባይ አፈረባቸው ተባለ። ጎረቤት ሁሉ አነበበው። በ1960 ደግሞ ስለ ትውልድ ቦታው የተሠራ የቴሌቪዥን ፊልም ላይ ሠርቶ የአገሩን ሰዎች እንደገና አስቀየመ።

ከእናንተ መካከል ክሊኒክ ሲኬድ ለእናቱ የሚያስተረጉም፣ ትምህርት ቤት በሚናገረው ቋንቋ ቤቱ ውስጥ የማያወራ ልጅ ይህን ጉዳይ ያውቀዋል። ወላጆችም ታውቁታላችሁ፣ ባትናገሩትም።

ዴኒስ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ ጋዜጠኛ ሆነ። ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ግን ዕድሜ ልኩን ያልለቀቀው በሽታ ያዘው። ቆዳው ይቆስላል፣ ይላጣል፤ መገጣጠሚያዎቹ በቁርጥማት ያብጣሉ። ጣቶቹ እየተጣመሙ ሄደው እጁ እንደ ቡጢ ተጨበጠ። በ1964 ለፓርላማ በሠራተኛው ፓርቲ ተወዳድሮ ተሸነፈ። እንደ ልብ መዘዋወር ስላልቻለ ቤቱ ተቀምጦ ብዕሩን በተጨበጠው መዳፉ መሃል እየሰካ ድራማ መጻፍ ጀመረ።

ለምን ቲያትር ቤትን አልመረጠም? ቲያትር ቤት የሚገባው ገንዘብም ጊዜም ያለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን ግን በእንግሊዝ የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ሦስት ብቻ ነበሩ። አንድ ድራማ ሲተላለፍ የከሰል ቆፋሪውም የዩኒቨርሲቲ መምህሩም በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት ያዩታል። በአባትና በልጅ መካከል የቆመውን ግድግዳ የሚያልፍ ነገር ካለ ይህ ነው ብሎ አመነ።

በ1965 «ተነስ፣ ናይጀል ባርተን» የተሰኘው ድራማው ታየ። የከሰል ቆፋሪ ልጅ የሆነ የኦክስፎርድ ተማሪ በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ ቤቱ ሲናገር፣ አባትና እናቱ ሳሎናቸው ተቀምጠው ያዩታል። ጸሐፊው የራሱን ጥፋት ምንም ሳያሳምር ለአገር ሁሉ አሳየ።

በዚሁ ድራማ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ናይጀል ትንሽ ልጅ ሳለ ከክፍሉ ውስጥ እንደ አደይ ቢጫ የሆነች አንዲት አበባ ያጠፋል። መምህሯ ማን እንደሆነ ስትመረምር፣ ጎበዝ ተብሎ የሚወደደው ናይጀል ሌላውን ልጅ ይጠቁማል። ያ ልጅ ይቀጣል።

ይህ ነገር ጸሐፊውን አለቀቀውም። በ1979 «ሰማያዊ የትዝታ ኮረብቶች» የተባለ ድራማ ጻፈ። በጦርነቱ ዘመን አንድ የበጋ ቀን ሰባት ልጆች ሲጫወቱ ያሳያል፤ ልጆቹን ሆነው የሚጫወቱት ግን ቁምጣ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ ያስቃል። ልጆቹ አባቱ የጦር ምርኮኛ የሆነውን ዶናልድን ያሾፉበታል፤ እሱ ያለበት ጎተራ በእሳት ሲያያዝ በሩን በጨዋታ ይዘውበት ይሞታል። የቀሩት ሣር ላይ ተኝተው እኛ እዚያ አልነበርንም ለማለት ይስማማሉ። ትልቅ ሰው ሆነው ሲጫወቱት ማየት ነገሩን ያከብደዋል፤ ሕፃን ናቸው፣ አያውቁም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

በ1986 በስድስት ክፍል የቀረበው «ዘማሪው መርማሪ» ከሥራዎቹ ሁሉ የላቀ ነው ይባላል፤ እኔም እስማማለሁ። ሆስፒታል የተኛ አንድ ደራሲ አለ። በሽታው የፖተር በሽታ ነው፤ ብዕር መያዝ ያቅተዋል፣ በትኩሳት እየቃዠ ልጅነቱን ያያል። በዚያ ልጅነት ውስጥም ያው ክፍል አለ፤ ጥፋተኛው ጎበዝ ተማሪ በሌላው ያሳብባል። በዚህኛው ግን ጓደኞቹ አንድ በአንድ እየተነሱ «እኔም አይቻለሁ» ብለው ይመሰክራሉ። የተቀጣው ልጅ ካደገ በኋላ አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል መግባቱን እንሰማለን። የሚገርመው፣ በ1965ም በ1986ም መምህሯን ሆና የተጫወተችው ያችው አንዷ ተዋናይት፣ ጃኔት ሄንፍሪ ናት።

ሥራው ሁሉ ተመስግኖ አልቀረም። በ1976 ያዘጋጀውን አንድ ድራማ ቢ.ቢ.ሲ. ካስቀረጸው በኋላ አስነዋሪ ነው ብሎ አገደው፤ የታየው ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። በ1989 ያቀረበው ሌላው ደግሞ በብዙዎች ተወግዟል። ስለ ሴቶች የጻፈው ሁሉ ፍትሐዊ ነበር ለማለት ይከብዳል።

በፌብሩዋሪ 1994 ሐኪሞች የቆሽት ካንሰር እንዳለበትና ጥቂት ወራት ብቻ እንደቀሩት ነገሩት። ባለቤቱ ማርጋሬትም በካንሰር ታማ ነበር። እሱ ሁለት ረዣዥም ድራማዎች ጀምሮ ስለነበር ከሞት ጋር እሽቅድድም ገጠመ። በኤፕሪል በተላለፈ ቃለ መጠይቅ ላይ የሥቃይ ማስታገሻውን እየተጎነጨ ስለ ሥራው፣ ስለ አባቱና ስለ ትውልድ ቦታው ተናገረ። ተፎካካሪ የሆኑት ቢ.ቢ.ሲ. እና ቻናል ፎር የመጨረሻ ሥራዎቹን ተባብረው እንዲያሳዩለትም ለመነ።

ድራማዎቹን ጽፎ ጨረሰ። ማርጋሬት በሜይ 29 አረፈች፤ እሱም በዘጠነኛው ቀን፣ በጁን 7፣ ተከተላት። ሁለቱ ጣቢያዎች ቃሉን አክብረው በ1996 ሁለቱንም ድራማዎች እየተቀባበሉ አሳዩ።