መምህሩ ኤድዊን ሆል

በዛሬው የሳይንስ ዓምዳችን ሕይወቱን የምናቀርብላችሁ ሰው ኤድዊን ሆል ይባላል። በ1855 በአሜሪካ፣ ሜይን በተባለው ክፍለ ግዛት ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኮሌጅ እንደ ጨረሰ ሁለት ዓመት በትናንሽ ከተሞች አስተማረ፤ ከኛው ሙያ የተነሣ ሰው ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ፊዚክስ ሊያጠና ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

እዚያ የታላቁን የማክስዌልን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ነገር አልዋጥለት አለ። መጽሐፉ ማግኔት የሚገፋው ሽቦውን እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን ኮረንቲ አይደለም ይላል። ታዲያ ኮረንቲ የሌለበትን የመዳብ ሽቦ ማግኔት ለምን አይነካውም? መምህሩ ራውላንድ ቀደም ሲል ሞክሮ አልሆነለትም፤ ሆልም መጀመሪያ ምንም አላገኘ። በኋላ ግን እጅግ የሳሳ ወርቅ በመስተዋት ላይ ለጥፎ፣ ኮረንቲ አሳልፎበት በማግኔት መካከል ቢያኖረው የመለኪያው መርፌ ዞረ። ኮረንቲው ወደ ጎን ተገፍቶ በወርቁ ግራና ቀኝ ጠርዝ መካከል ቮልቴጅ ተፈጥሯል። ምሥጢሩ መሳሳቱ ነበር! ይህ የሆነው በኦክቶበር 1879 ሲሆን፣ ማክስዌል ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈ። በ1881 ደግሞ ሆል ይኸው ነገር በብረት ላይ ከሌሎቹ አሥር እጥፍ ያህል እንደሚበረታ ደረሰበት፤ ብረት ራሱ ማግኔት የሚሆን ነገር ነውና።

ሃርቫርድ ከገባ በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 40 ያህል የፊዚክስ ሙከራዎች አዘጋጀ። በኛ ግምት ከወርቁ የማይተናነስ ሥራው ይኸ ነው። የዕቃን ክብደት በአየርና በውኃ ውስጥ ማነጻጸር፣ ዘንግን እንደ ሚዛን ማቆም፦ ይኸንማ መተማ ወይም ቋራ የሚመደብ ጓደኛችን ላቦራቶሪ ባይኖረውም በአንድ ባልዲ ውኃና በቀጥ ያለ እንጨት ሊያሳየው ይችላል። ሆል በ1938 ሞተ።

የብረቱ ነገር ግን አላበቃም። በ2020 የቻይና ተመራማሪዎች ከማንጋኒዝ፣ ከቢስሙትና ከቴሉሪየም የተሠራ፣ እንደ እንጀራ የተነባበረ ማግኔት አምስት ንብርብር ብቻ አስቀርተው መረመሩ። ከውጭ ማግኔት ሳይቀርብበት ኮረንቲው መሐሉን ትቶ በጠርዙ ብቻ፣ ከሞላ ጎደል ሳይባክን ፈሰሰ። ይህን ጠባይ ቶፖሎጂያዊ ይሉታል። ቀለበት ቢጣመምም ቢለጠጥም ካልተቆረጠ ቀዳዳው እንደማይጠፋ ሁሉ፣ የጠርዙም መንገድ በጥቃቅን እንከን አይጠፋም። የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ሙከራው የተሳካው ከዜሮ በታች 271 ዲግሪ አልፎ በሚወርድ ብርድ ነው፤ በበጋ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚሞቀው በመተማ ቆላ ቀርቶ በደብረ ታቦር ብርድ እንኳ የሚሠራ እስካሁን አልተገኘም።